የሚንተባተበው አፍቃሪ ወዴት ሄደ? ስለ ሂዩ ግራንት የትወና ሕይወት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሂዩ ግራንትን የማውቀው በዘጠናዎቹ የብሪታንያ የፍቅር ኮሜዲዎች ነው። በ2024 በወጣው ‹ሄሬቲክ› በተባለው አስፈሪ ፊልም ላይ ክፉ ሰው ሆኖ ሳየው ተገረምኩ። ጓደኞቼ ድሮ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ይጫወት እንደነበረና ትወና የተማረው ካረጀ በኋላ እንደሆነ ይናገራሉ። እውነት ነው? የቀድሞ ሥራዎቹ ከመልክና ከዕድል ያለፈ ችሎታ ነበራቸው? የትኛውንስ ባይ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ጓደኞችዎ የሚሉት በእንግሊዝም በአሜሪካም በሰፊው የሚነገር አስተያየት ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ለብዙ ዓመታት ተቀራራቢ ሚና ሲጫወት መኖሩ እውነት ነው፤ ትወናን በስተርጅና ተማረ የሚለው ግን ፊልሞቹን በቅደም ተከተል ያላየ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ነው። በእኔ ዕይታ ያ ክፉ ሰው ኋላ የመጣ አይደለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው አፍቃሪው ውስጥ ነበር፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር፣ ግራንት ዋና ተዋናይ በነበረበት ዘመን ተሸክሞት የኖረው በተመልካች የመወደድ ግዴታ ከጫንቃው ላይ መውረዱ ነው። ይህን ለማሳየት ከመነሻው ልጀምር፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግራንት በ1960 ለንደን ውስጥ ተወለደ፤ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጠና፤ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ተዋንያን የቴአትር ትምህርት ቤት አልገባም። የመጀመሪያ ፊልሙ በ1982 የኦክስፎርድ ተማሪዎች የሠሩት ነበር። ከዚያ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር አጫጭር የቀልድ ጭውውቶችን እየጻፈ መድረክ ላይ ያቀርብ ነበር። ይህ የቀልድ ጸሐፊነት ልምድ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር የት ላይ ቢቆረጥ እንደሚያስቅ የሚያውቅ ጆሮ ያገኘው ከዚያ ይመስለኛል።

ለጥያቄዎ ቁልፉ ያለው በ1987 በወጣው «ሞሪስ» ውስጥ ነው። ጄምስ አይቮሪ ከኢ. ኤም. ፎርስተር ልብ ወለድ ተነሥቶ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካምብሪጅ ውስጥ የተገናኙ ሁለት ወጣት ወንዶችን ፍቅር ይተርካል፤ እንዲህ ያለው ግንኙነት በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ያሳስር ነበር። ግራንት የተጫወተው የባላባቱን ልጅ ክላይቭን ነው። ፍቅሩን ቀድሞ የሚናገረው ክላይቭ ነው፤ ሕጉንና ሐሜቱን ፈርቶ የሚክደውም ራሱ ነው። ሚስት ያገባል፣ ወደ ፖለቲካ ይገባል፣ የቀድሞ ወዳጁን ጨዋነት በተሞላበት ቅዝቃዜ ያስተናግደዋል። በመጨረሻው ትዕይንት የቤቱን መስኮት እየዘጋ ወደ ውጭ ሲመለከት አንድም ቃል አይናገርም፤ ይሁን እንጂ ሰውየው ምን እንዳጣና ማጣቱንም እንደሚያውቅ ፊቱ ላይ ይነበባል። የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ለዚህ ሥራ የምርጥ ተዋናይነቱን ሽልማት ለእርሱና ለባልደረባው ለጄምስ ዊልቢ በጋራ ሰጣቸው። እንግዲህ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ በፍቅር ኮሜዲ ከመታወቁ ሰባት ዓመት በፊት፣ ማራኪ፣ ፈሪና ከዳተኛ የሆነን ሰው በአንድ ፊት ላይ አጣምሮ አሳይቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ግን አልቀኑትም። ከቀረቡለት ሚናዎች ብዙዎቹ የሚረሱ ነበሩ። በ1992 በሮማን ፖላንስኪ «ቢተር ሙን» ውስጥ የክሪስቲን ስኮት ቶማስ ባል ሆኖ ተጫወተ፤ ይህቺው ተዋናይት ከሁለት ዓመት በኋላ ለዓመታት በልቧ ይዛው የምትኖረውን ጓደኛውን ሆና ትመጣለች።

ያ ፊልም በ1994 የወጣው «ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊውነራል» ነው፤ አራት ሰርግና አንድ ቀብር ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ማይክ ኒውል፣ ጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስ ነበሩ። ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ ባነሰ ወጪ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ወደ 245 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ግራንትም የጎልደን ግሎብንና የባፍታን (የብሪታንያ ፊልም አካዳሚን) ሽልማቶች ወሰደ። የሚገርመው ከርቲስ መጀመሪያ ላይ ግራንትን አልፈለገውም ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ መልኩ ማማሩ ነው። ሴት ፊት ቆሞ ቃል የሚጠፋውን ሰው እንዲህ ያለ መልከ መልካም ሲጫወተው ማን ያምናል? የከርቲስ ጭንቀት ተገቢ ነበር፤ የግራንት ሥራም በትክክል ያን ጭንቀት መፍታት ነበር።

የፈታውም ሁላችንም በምናውቀው መንተባተብ ነው። መንተባተቡ የራሱ የተፈጥሮ ጠባይ እንዳልሆነ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ የከርቲስ ገጸ ባሕርይ እንደሆነ ግራንት ለሠላሳ ዓመታት ሲናገር ኖሯል፤ የሚያምነው ሰው ግን ብዙም አላገኘም። እስቲ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለውን ትዕይንት ያስታውሱ። ግራንት የተጫወተው ቻርልስ ሌላ ሰው ልታገባ ወደተዘጋጀችው፣ ወደሚወዳት ኬሪ ሮጦ ይደርስና ሊናገር ይጀምራል፤ ያቋርጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እንደገና ይጀምራል፣ በመጨረሻም እንደሚወዳት የሚነግራት በራሱ ቃል መሆኑ ቀርቶ አንድ የሰባዎቹ ፖፕ ዘፋኝ እንዳለው ብሎ ነው። ይህ እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር ነው፤ እንግሊዛውያንም የራሳቸው የሆነ፣ በተለይ በተማረው መደብ ዘንድ የጠነከረ ይሉኝታ አላቸው፤ ልቡን በአደባባይ የዘረጋ ሰው ሌላውን እንዳስቸገረ ይቆጥረዋል። ግራንት ያንን በድምፅ ተጫወተው። እያንዳንዱ የተቆረጠ ቃል ሰውየው ወዴት መሄድ እንደፈለገና ለምን እንደፈራ ይናገራል፤ ዓረፍተ ነገሩ ተሰባብሮም ትርጉሙ አይጠፋም። ይህን ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ ከእርሱ በኋላ በየአገሩ የመጡትን አስመሳዮች ማየት ይበቃል፤ እነርሱ ሲንተባተቡ የሚሰማው መንተባተቡ ብቻ ነው።

ከርቲስን ካነሣሁ አይቀር ለእኛ አንባቢዎች የሚሆን አንድ ጉዳይ ልጨምር። ኮሚክ ሪሊፍ የተባለውን የእርዳታ ድርጅት በ1985 ከኮሜዲያኑ ሌኒ ሄንሪ ጋር የመሠረተው ይኸው ሰው ነው፤ ያነሣሣውም በአገራችን የደረሰው ረሃብ ነበር። ግራንትም ለዚሁ ድርጅት መዋጮ ማሰባሰቢያ በተሠሩ አጫጭር ፊልሞች ላይ የቀድሞ ገጸ ባሕርያቱን ይዞ ተመልሷል፤ በ2017 በ«ላቭ አክቹዋሊ» የተጫወተውን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በ2019 ቻርልስን ሆኖ።

ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ሕዝቡ ሚናውንና ሰውየውን ምን ያህል እንዳደባለቀ የታየው በ1995 ነው። በዚያ ዓመት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአደባባይ ነውር ፈጽሟል ተብሎ ተያዘ፤ ተቀጣም። ድንጋጤው ከጥፋቱ መጠን በላይ የሆነው የተያዘው ተዋናዩ ሳይሆን ቻርልስ ስለመሰለ ነው። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ቀድሞ በተያዘለት የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ ቀርቦ፣ ሰበብ ሳይደረድር ጥፋቱን አመነ፤ ሥራውም ቀጠለ።

በ1999 የወጣው «ኖቲንግ ሂል» በዓለም ዙሪያ ከ360 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ስለዚህ ፊልም ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጁሊያ ሮበርትስን ነው፤ እኔ ግን ስለ ትወና ሲነሣ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ግራንት በፖርቶቤሎ ገበያ መሐል የሚሄድበትን ትዕይንት ነው። አንድ ሰው በአንድ መንገድ ላይ በእግሩ ይሄዳል፤ በዙሪያው በልግ ክረምት ይሆናል፣ በረዶ ይወርዳል፣ ጸደይ ይመጣል፤ መንገዱ ሲጀመር እርጉዝ የነበረች ሴት መጨረሻ ላይ ልጇን ታቅፋ ትታያለች። ንግግር የለም፤ መንተባተቡ፣ ፈገግታውና ከፊት ላይ የሚንጠለጠለው ጸጉር ያመጡት ዝና እዚህ ምንም አይረዳውም። የአንድ ዓመት ናፍቆትን በትከሻና በእርምጃ ብቻ ይነግረናል። «መልክና ዕድል» የሚሉ ጓደኞችዎን ይህንን ትዕይንት ያሳዩአቸው።

ክፉው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰፊው ተመልካች ብቅ ያለው በ2001 በ«ብሪጅት ጆንስስ ዳያሪ» ነው። ዳንኤል ክሊቨር የብሪጅት አለቃ ነው፤ ጤፍ በሚቆላ ምላሱ ያማልላታል፣ ይዋሻታል፣ ይከዳታል፤ ተመልካቹ ደግሞ ይህን ሁሉ እያየ ይስቅለታል። እዚህ ላይ በደንብ ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ግራንት ለዳንኤል አዲስ መሣሪያ አላመጣም። ግማሽ ፈገግታው፣ ዘግይቶ የሚመጣው መልስ፣ ዝቅ ብሎ የሚያይ ዓይኑ፣ ይቅርታ መጠየቁ፣ ሁሉም የቻርልስ ናቸው። ልዩነቱ ቻርልስ ይቅርታ የሚጠይቀው ከልቡ ስለሚያፍር ሲሆን ዳንኤል ግን ይቅርታው ማጥመጃ መሆኑ ነው። አንድ ዓይነት መሣሪያ ለሁለት ተቃራኒ ዓላማ መዋሉን ሳይ፣ ይህ ሰው የሚሠራውን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። የብሪጅትን ሌላውን አፍቃሪ ከተጫወተው ከኮሊን ፈርዝ ጋር የሚጣሉበት ትዕይንትም የተለየ ምስጋና ይገባዋል፤ ሁለቱም በሕይወታቸው ቡጢ ሰንዝረው እንደማያውቁ የተማሩ እንግሊዛውያን እየተላተሙ የምግብ ቤት መስኮት ሰብረው ይወጣሉ።

በቀጣዩ ዓመት የመጣውን «አባውት ኤ ቦይ» ከፍቅር ኮሜዲ ዘመኑ ሥራዎች ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ዊል የተባለው ሰው አባቱ ከጻፈው አንድ የገና ዘፈን በሚመጣ ገንዘብ ይኖራል፤ ሥራ የለውም፣ ሰው የለውም፣ ቀኑን በግማሽ ሰዓት በግማሽ ሰዓት እየከፋፈለ ያሳልፋል፤ ሴቶችን ለመተዋወቅ ሲል የሌለውን ልጅ አለኝ ብሎ ብቻቸውን ልጅ በሚያሳድጉ ወላጆች ማኅበር ውስጥ ይገባል። ግራንት ጸጉሩን አሳጥሮ መንተባተቡንም ትቶ መጣ። ቻርልስ ከልብ የሚመጣን ነገር ለመናገር ይቸገር ነበር፤ ዊል ግን ለመናገር የሚቸገርበት ከልብ የሚመጣ ነገር የለውም። በዚህ ባዶነት ላይ ማርከስ የተባለ ብቸኛ ልጅ (ያኔ ልጅ በነበረው ኒኮላስ ሆልት የተጫወተው) በግድ ይገባበታል። መጨረሻ ላይ ዊል በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ልጁ እንዳይዋረድ ሲል ጊታር ይዞ ወጥቶ ራሱን መሳቂያ ያደርጋል፤ ይህን ስናይ የምንስቀው በፍቅር ነው፤ ምክንያቱም ግራንት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውየውን እንድንወደው አንድም ጊዜ አልለመነንም።

ስለ 2003ቱ «ላቭ አክቹዋሊ» ብዙ አልናገርም፤ ተወዳጅ ፊልም ነው፤ እርሱም የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በመኖሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ የሚጨፍርባት ትዕይንት በየገናው ትታያለች፤ ትዕይንቷን መጫወት ፈጽሞ እንዳልወደደ ግን ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በ2007 በ«ሚውዚክ ኤንድ ሊሪክስ» የሰማንያዎቹ ያረጀ ፖፕ ዘፋኝ ሆኖ በራሱ ዝና ላይ መሳቅ ጀመረ። በ2009 ከሣራ ጄሲካ ፓርከር ጋር የሠራው ፊልም ግን ከሰረ፤ የዋና አፍቃሪነቱ ዘመን በዚያ አበቃ።

ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። በዚያ ወቅት የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በመካከለኛ ወጪ የሚሠሩ የጎልማሶች ፊልሞችን እየተዉ ልዕለ ኃያል ጀግኖች ወዳሉባቸው ተከታታይ ፊልሞች ዞሩ፤ የፍቅር ኮሜዲ ከሲኒማ ቤት መጥፋት ጀመረ፤ ተዋናዩም ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። እርሱ ደግሞ ፊቱን ወደ ሌላ ሙግት አዞረ። በ2011 አንድ የቀድሞ ጋዜጠኛ ጋዜጦች ስለሚፈጽሙት የስልክ ጠለፋ ሲነግረው ድምፁን በስውር ቀድቶ ለአንድ መጽሔት ጻፈው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር የብሪታንያን ፕሬስ ሥነ ምግባር በመረመረው የሌቭሰን ኮሚሽን ፊት ቀርቦ መሰከረ፤ ፕሬሱ ተጠያቂ እንዲሆን የሚታገለው «ሃክድ ኦፍ» የተባለው ዘመቻም ዋና ድምፅ ሆነ። ይህ ከትወናው ጋር ምን አገናኘው ቢሉኝ፣ በአገሩ ኃያላን ጋዜጦች ለመጠላት ፈቅዶ የቆመ ሰው ካሜራ ፊት ለመጠላት አይፈራም እላለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሥራዎች እርስዎን ያስገረሙት ናቸው። በ2012 «ክላውድ አትላስ» ውስጥ ስድስት ሚናዎችን ሲጫወት ከእነርሱ አንዱ የሰው በላዎች አለቃ ነበር። በ2016 በስቲቨን ፍሪርስ «ፍሎረንስ ፎስተር ጄንኪንስ» ውስጥ፣ መዝፈን የማትችለውን ባለጸጋ ሚስቱን እውነቱን እንዳትሰማ የሚከላከል ያልተሳካለት ተዋናይ ሆነ፤ ባልየው ሚስቱን ከልቡ ይወዳታል፣ ሌላ ሴትም በሌላ ቤት አስቀምጧል፤ ግራንት ሁለቱንም እውነት አድርጎ ይዞ ከሜሪል ስትሪፕ ጋር እኩል ቆመ። በ2017 ስለ አንድ ተናጋሪ ድብ በሚተርከው «ፓዲንግተን 2» እርሱኑ በማሰብ የተጻፈውን፣ የውሻ ምግብ ማስታወቂያ እስከ መሥራት የወረደውን ከንቱ ተዋናይ ሆኖ መጣ። ልብስ እየቀያየረ ሲሰርቅና ራሱን በመስታወት ሲያደንቅ የሚታየው ደስታ፣ ለሃያ ዓመታት ታምቆ የኖረ ይመስላል።

የሥራው ጫፍ ግን በ2018 ቢቢሲ በሦስት ክፍል ያሳየው «ኤ ቬሪ ኢንግሊሽ ስካንዳል» ነው ብዬ አምናለሁ። ጄረሚ ቶርፕ የብሪታንያ ሊበራል ፓርቲ መሪ የነበረ፣ በ1979 ኖርማን ስኮት የተባለውን ሰው ለማስገደል አሢሯል ተብሎ ለንደን ውስጥ ተከሶ በነጻ የተለቀቀ እውነተኛ ፖለቲከኛ ነው፤ ስኮት የቀድሞ ፍቅረኛው እንደነበረ ሲናገር ቶርፕ እስከ መጨረሻው ክዷል። ግራንት ቶርፕን ሲጫወተው ቀልደኛ፣ ፈጣን፣ ማራኪ አድርጎ ይጀምርና ፍርሃቱ ማራኪነቱን ከውስጥ ሲበላው ያሳየናል። አሁን ወደ 1987 ይመለሱ፤ ፍቅሩን ክዶ ሚስት አግብቶ ወደ ፖለቲካ የገባው ክላይቭ ሠላሳ ዓመት ቢኖር ማን ይሆን ነበር? በመስኮቱ የተመለከተውና በፍርድ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ለእኔ አንድ ሰው ነው። (ለመሳቅ ያህል፣ ኖርማን ስኮትን የተጫወተው ቤን ዊሾ የፓዲንግተን ድብ ድምፅም ነው፤ ግራንት በተከታታይ ሁለት ዓመት ይህንኑ ሰው አሳድዷል ማለት ነው።)

እርስዎ ያዩት «ሄሬቲክ»ም ከዚሁ ይቀዳል። ሚስተር ሪድ ሁለት ወጣት የሞርሞን እምነት ሰባኪዎችን ከዝናብ አስጠግቶ ሲያስገባ፣ ሚስቱ ኬክ እየጋገረች እንደሆነ ሲነግራቸው፣ ሲያመነታና ይቅርታ ሲጠይቅ የምናየው ቻርልስን ነው። ሽታው ከሻማ እንጂ ከኬክ እንዳልሆነ ስንረዳ የምንደነግጠው ያንን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ስላመንነው ነው። ሌላ ተዋናይ በዚህ ሚና ሊያስፈራ ይችላል፤ እንዲህ ሊያሳፍረን ግን አይችልም። ለጎልደን ግሎብና ለባፍታ አሳጭቶታል፤ በኦስካር በኩል ግን እስከ 2025ቱ ሥነ ሥርዓት ድረስ አንድም ጊዜ አልታጨም፤ ይህም የፍቅር ኮሜዲን እንደ ቀላል ሥራ የሚቆጥሩት ጓደኞችዎ ብቻ እንዳልሆኑ ያሳያል። በ2025 በአዲሱ የብሪጅት ጆንስ ፊልም ዳንኤልን ሆኖ ተመልሷል፤ አሁን ያረጀና ብቸኝነቱን በቀልድ የሚሸፍን ዳንኤል ነው።

የትኛውን ልይ ላሉት፣ ብዙ ጊዜ ከሌለዎት አንድ ምሽት «ሞሪስ»ን፣ በማግሥቱ የቶርፕን ታሪክ ሦስቱንም ክፍሎች ይዩ። በመካከል የቀረውን ለመሙላት «አባውት ኤ ቦይ» ይበቃል። ከዚያ «ፎር ዌዲንግስ»ን እንደገና ሲያዩ ቻርልስ ሴቶችን ስንት ጊዜ እንደሚጎዳ፣ በመጨረሻው ሰርግም መሠዊያው ፊት ያቆማትን ሙሽራ ምን እንደሚያደርጋት ልብ ይበሉ፤ ይቅር ያልነው በትወናው ኃይል ነው።